የስልሳ አንድ ቁጥር ተከራይ

«ታዲያ እዚህ አስቀምጠው ያለህ ማን ነው?» አለች ዚቡዪሌ። «የገዛ ወንድምህን እንደ ትርፍ ጎማ ወርውረኸው ሄደህ፣ አሁን ደግሞ አይነካብኝ ትላለህ!»

«ድምፅሽን ቀንሺ፤ ጥቁር ለብሰሽ ትጮሂያለሽ?» አለ በኩሙዚ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም። «ይሰማሻል።»

«ይስማኛ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምቶኝ አያውቅም። ሞቶ ጆሮው ከተከፈተ እሰየው ነው።»

የቆሙት በፒተርማሪትዝበርግ ዳር፣ ከምሱንዱዚ ወንዝ አጠገብ ባለ የዕቃ ማስቀመጫ ግቢ ውስጥ፣ ስልሳ አንድ ቁጥር ክፍል ደጃፍ ላይ ነበር። ወደ ላይ የሚጠቀለለው የቆርቆሮ በር እኩሌታው ተከፍቶ የሻጋታ ሽታ ይወጣበታል። ግድግዳው ላይ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ አምና የወንዙ ውሃ ገብቶ የቆመበት ቡናማ መስመር ይታያል። ዚቡዪሌ ይህን መስመር ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ በጣቷ አሳይታዋለች።

ባሏ ዱሚሳኒ ርዕሰ መምህር ነበር። በየካቲት ሆስፒታል ውስጥ ሲሞት፣ ይኖሩበት የነበረው የትምህርት ቤቱ ቤት ለተተኪው ተፈለገና ዕቃው ሁሉ እዚህ ገባ፤ የእሷ ሁለት የስፌት መኪናዎችና ሰባት ጥቅል የደንብ ልብስ ጨርቅም አብሮ። የምትሰፋበት ሱቅ የሚለቀቅላት በኅዳር ነው። የሦስት ትምህርት ቤት ልብስ ደግሞ ለጥር መድረስ አለበት። በዚህ አገር ዝናቡ የሚጀምረው ደግሞ በጥቅምት ነው፤ ጨርቁ ከረጠበ ጥር ላይ የምታስረክበው ሰበብ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዕቃውን ሁሉ ወደ ደረቅ ክፍል ልታዛውር ዛሬ ጭነት መኪና ተከራይታ መጥታለች።

በኩሙዚም የራሱ ጉዳይ ነበረው። ከቤቱ ውጭ የሞተ ሰው መንፈስ በዘመድ ተመርቶ ይገባልና፣ እንደ ወጉ የወንድሙን መንፈስ ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣው እሱ ነው። ቤቱ ሲለቀቅ ግን ንቁቱ በሚባለው አገራቸው ያለውን የአባቶቻቸውን ቤት ጣሪያ ነፋስ ወስዶት ነበርና፣ መንፈሱን ወደዚህ አመጣና «ወንድም ጋሼ፣ እስክጠራህ ከወንበርህ ጋር እዚሁ ቆይ» ብሎት ሄደ። የንቁቱ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ሁለት ቀን አላናገረውም።

«እስከ ኅዳር ታገሺ» አለ አሁን። «ጣሪያው ያልቃል፣ ያኔ በአንዴ አገሩ አስገባዋለሁ። ሟች እንደ ድመት ግልገል ከክፍል ክፍል አይዞርም።»

«በግንቦት ያልቃል አልክ። በሐምሌ ያልቃል አልክ። ይሄ ጣሪያ የቤት ነው ወይስ የካቴድራል?»

«ቆርቆሮ ተወደደ፣ ማዙንጉ!»

በጎሳ ስሟ ሲጠራት ነገሩ እንዳልጣመው ታውቃለች።

የግቢው ኃላፊ ወይዘሮ ጎቨንደር ከቢሮዋ ወጥታ መነጽሯን ግንባሯ ላይ እንደሰቀለች መጣች። «ዚቡዪሌ፣ በግቢው በር አጠገብ ያለውን አሥራ ሁለት ቁጥርን እስከ እኩለ ቀን ነው የምይዝልሽ። ደረቅ ክፍል የሚፈልግ ሰው ስልክ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት።» በኩሙዚን ዞር ብላ አየችው። «ሟቹ ውስጥ እየኖሩ ከሆነ ደግሞ ውሉ ላይ አልተጻፉም። ሰው ማሳደር ክልክል ነው።»

«እሱ አያድርም» አለ በኩሙዚ ተቆጥቶ። «ይጠብቃል እንጂ።»

ሾፌሩ ምቴምቡ ጭነት መኪናው ላይ ተደግፎ በሳቅ ሊፈነዳ ደረሰ። «አባቴ፣ ከኋላ ነው ወይስ ከፊት የሚቀመጡት? ከፊት ከሆነ ቀበቶው ተበላሽቷል።»

ዚቡዪሌ ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ጋዜጣው ሲፈታ እሾሃም ቅርንጫፍ ሆነ። የሟች መንፈስ የሚጓዘው በዚህ ላይ ነው፤ ኡምላህላንኮሲ ይሉታል፣ የቁርቁራ ዘመድ ነው። በማለዳ ወንዙ ዳር ወርዳ፣ እጇን ሁለት ቦታ ወግቷት፣ ራሷ ቆርጣዋለች።

«ያዝ» አለችው።

«ዛሬ አልይዝም አልኩሽ እኮ።»

«ደግ። ምቴምቡ፣ ና አንተ ያዝ። ዱሚሳኒ እንግዳ ይወዳል።»

ምቴምቡ እጁን ሱሪው ላይ አብሶ ቀረበ። በኩሙዚ የወንድሙን መንፈስ ከሌላ ጎሳ የመጣ ሾፌር ሲመራው በዓይነ ኅሊናው ታየው መሰለኝ፣ ዘሎ ቅርንጫፉን ነጠቀ። ወዲያውም ምን እንዳደረገ ገባው። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው ከሟቹ በቀር ማንንም አያናግርም፤ እስኪያደርሰው ድረስ አንዲት ቃል አይተነፍስም። በኩሙዚ ደግሞ ቀብር ላይ እንኳ ሰባኪውን ያቋረጠ ሰው ነው። አፉ ተከፈተ፣ ዚቡዪሌን አየ፣ አፉ ተዘጋ።

«ጫን!» አለች ዚቡዪሌ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሄደ። የስፌት መኪናዎቹ ወጡ፣ ጨርቁ ወጣ፣ ሳጥኑ ወጣ። በኩሙዚ ቅርንጫፉን ወደ ሰማይ ቀጥ አድርጎ እየተከተለ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ተነስ፤ እንሄዳለን። ከስልሳ አንድ ወጣን። ፊት ለፊት ጉድጓድ አለ፣ በግራ በኩል እለፍ» ይላል። ትንሽ ቆየና መላውን አገኘ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይታይሃል? ሚስትህ ወንበርህን ገልብጣ ጫነችው። እግሩ ሰማይ ያያል። እኔ ምንም አላልኩም፣ መናገር አልችልም።»

«ዱሚሳኒ» አለች ዚቡዪሌ፣ ከሳጥኑ ሥር ወገቧን እያቀናች፣ «ለወንድምህ ንገርልኝ፤ አንዱ እጁ ባዶ ነው። በባዶው እጁ ይሄን ጫፍ ያንሳልኝ።»

በኩሙዚ ቅርንጫፉን ትከሻው ላይ አስደግፎ አነሳ። እሾሁ አንገቱን ወጋው። «ወንድም ጋሼ፣ ምስክሬ ነህ» አለ።

አሥራ ሁለት ቁጥር ሲደርሱ ሌላ ነገር ሆነ። ክፍሉ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ እስከ መሐሉ ትገባለች። በኩሙዚ ደፉ ላይ ቆመና አልገባም። ድምፁም ዝቅ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ግባ ልልህ ነበር» አለ። «ግን እውነቱን ልንገርህ። ጣሪያው በሰኔ አልቋል። ራሴ ነኝ የመታሁት፣ አንድ ምስማር አልተጣመመም። ሟች አገሩ የሚገባው በከብቶቹ በረት በኩል ነው፤ ያልወሰድኩህ በረቱ ባዶ ስለሆነ ነው። አሥራ አንዱን ከብት ትተህልኝ፣ ዘጠኙን መዥገር ጨረሰው፣ ሁለቱን ሌባ ነዳው። አሁን ያለችው ከጎረቤት የተሰጠችኝ አንዲት ጥጃ ናት፤ እሷም ታነክሳለች። በየትኛው በረት ላስገባህ? ምን ብዬ ልቀበልህ?»

ምቴምቡ ሳቁን ተወ፤ ጥቅል ጨርቅ እንደታቀፈ ቆመ። ዚቡዪሌ የበኩሙዚን አንገት አየች፤ እሾሁ የወጋው ቦታ ደም ቋጥሯል። ከግንቦት ጀምሮ የቆርቆሮ ዋጋ ስትሰማ ኖራለች።

«ዱሚሳኒ» አለች፣ ወደ ቅርንጫፉ እያየች፣ «ለዚህ ሰውዬ ንገረው። አንተ እንኳን ለአሥራ አንድ ከብት፣ ለጠፋች ጠመኔም ግቢውን ስታናውጥ የኖርክ ሰው ነህ። በቁጣህ የሞተ ግን የለም፤ እኔ ይኸው አለሁ። አንድ ቀን ትጮህበታለህ፣ በማግስቱ ጥጃዋን ምን እንደሚያበላት ታስተምረዋለህ። ደግሞ መዥገሩን አንተ ብትኖርም አታስቆመውም ነበር፤ ጉረኛ እንጂ የከብት ሐኪም አልነበርክም።»

በኩሙዚ ቅርንጫፉን በሁለት እጁ ያዘ።

ወይዘሮ ጎቨንደር ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ዚቡዪሌ ከትልቁ የስፌት መኪና ፊት ተንበርክካ ነበር። ሽክርክሪቱ እርጥበት ይዞት አልዞር አለ። ዘይት ጠብ አደረገችበት፣ በመዳፏ ገፋችው፤ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ከዚያ ዞረ። መርፌው ወርዶ ወጣ።

«እዚህ ፈርሚ» አለች ወይዘሮ ጎቨንደር። «ቀኑን የዛሬን ጻፊ፣ የነገን እንዳትጽፊ።»

«አረንጓዴው ጨርቅ ከላይ ነው ከታች?» አለ ምቴምቡ።

«ከላይ! እሱ ነው መጀመሪያ የሚቆረጠው። ኧረ በእግርህ አትግፋው፣ የሰው ልጅ ሊለብሰው ነው!»

«እግሬ ንጹሕ ነው፣ እማማ።»

«እግርህንማ አይቼዋለሁ። ወደ ግድግዳው አስጠጋው፤ እንደሱ አይደለም፣ ወዲህ!»

ሦስቱም በጥቅሉ ላይ ሲነጋገሩ፣ በኩሙዚ ክፍት በሆነው የግቢው በር ወጣ። ወደ ንቁቱ የሚሄዱት ታክሲዎች ወደሚቆሙበት ወገን ታጥፎ፣ ቅርንጫፉን ከፍ አድርጎ፣ «ወንድም ጋሼ፣ አስፋልት ነው፤ መኪና እየመጣ ነው፣ ቆይ… አሁን እንሻገር» እያለ ሄደ።