ለጉጉት የተሰቀለ ሣጥን

በጃንሆይ ዘመን እህል በረንዳ ውስጥ የሸዋገነትን ያህል ተጠራጣሪ ነጋዴ አልነበረም። ጤፍ ስትገዛ እንኳ ከጆንያው አፍ አትዘግንም፤ እጇን እስከ ብብቷ ሰድዳ ከታች ነው የምታወጣው። ሙህዲንን ግን ታምነው ነበር። የባሏ የአስናቀው ሸሪክ ሆኖ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን ቅር አሰኝቷት አያውቅም።

አስናቀው ታሞ ከመጋዘኑ ጀርባ ካለው ቤታቸው ከተኛ ወዲህ ነገሩ ተለወጠባት። ሙህዲን ከመጋዘኑ ጣሪያ ሥር ሻይ ቅጠል የመጣበትን ባዶ የእንጨት ሣጥን ሰቀለ፤ ከበላዩ ቆርቆሮውን ቀደደ። በሳምንቱ ጉጉት ገባችበት። ጉጉት ከጮኸች ሰው ልትወስድ ነው፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? በሽተኛ ከተኛበት ደጅ ጉጉት የሚጋብዝ ሰው ምን ፈልጎ ነው? መጋዘኑን ነዋ። ሸዋገነት ነገሩን በሆዷ ይዛ የጎሪጥ ታየው ጀመር።

አንድ ጠዋት ጆንያ ላይ ጥቁር ድቡልቡል ነገር አገኘች። ፀጉር ነው፤ መሃሉ ስስ አጥንት። ክው አለች። መተት ማለት ይኸው ነው።

"ሙህዲን፣ ይህ ሣጥን የምንድነው?"

"ጋሼን ይጠይቋቸው፣ እትዬ" አለና ዓይኑን ሰበረ።

ዓይኑን መስበሩ በቃት። ለምሳ ሲወጣ መሰላል አቁማ ጉጉቷን በመጥረጊያ አባረረች፤ ቀዳዳውንም በጆንያ ጠቀጠቀችው። ከዚያ ድቡልቡሉን በወረቀት ይዛ ባሏ ዘንድ ገባች።

"ሸሪክህ የሠራብህን እይ።"

አስናቀው ትራሱን ተደግፎ በጥፍሩ ፈለቀቀው። የአይጥ መንጋጋ ወጣ፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ሦስተኛም። ከስንት ሳምንት በኋላ ፊቱ ፈካ።

"መጣች እንዴ? አይጧን ውጣ ያልተፈጨላትን ስትተፋው እኮ ነው። ጎጃም አባቴ ከጎተራው አጠገብ የሚያኖራት እሷን ነበር። ሣጥኑን ስቀል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ለአንቺ እንዳይነግርም አስምዬዋለሁ።"

"ለምን?"

"ታባርሪያታለሻ። እኔ ብሞት አይጥ ያልነካው እህል ይኑርሽ ብዬ ነው።" ቀና ብሎ አያት። "አላባረርሻትም አይደል?"

"እንዴት ብዬ" አለችና ወጣች።

ሙህዲን ተመልሶ መሰላሉን ቆሞ ያያል። ፊቱን ማየት አልቻለችም፤ አፈረች። "ያዝልኝ" አለችው፤ ወጥታ ጆንያውን መዘዘች። ሣጥኑ ባዶ ነበር።

ሲመሽ ደጁ ላይ ቆመች። አይጥ ጆንያ ሲቦጭቅ ከመጋዘኑ ውስጥ ይሰማታል። ዕድሜ ልኳን በስመ አብ እያለች የሸሸችውን ጩኸት ዛሬ ቆማ ትለምናለች።

"ጮኸች?" አለ አስናቀው ከአልጋው።

"ጮኸች" አለችው። "ተኛ።"