ከዲማ ቁልቁል ያለው አሸዋ

ቄስ አስማማው ሚስቱን ይዞ አባይ ዳር ሊንሸራሸር ወረደ ቢባል በአገሩ የሚያምን አይገኝም። ቄስ ውሃ ዳር የሚታየው ወይ ለጥምቀት ወይ ለጠበል ነው። እሱ ግን የወረደው ሚስቱን ወደ ቤቷ ለመመለስ ነበር።

እስከዳር ከጥቅምት ጀምሮ ደብረ ማርቆስ እህቷ ዘንድ ናት። ስድብም ዱላም አልነበረም። «የራስህ ሳምንት ሲያልቅ የሌላውን ትቀበላለህ፤ እኔ መቼ ነው የምትደርሰኝ?» ብላ ነው ልብሷን ያሰረችው። እውነቷን ነው። የሚቀድስ ካህን ሦስት ቀን ቀድሞ ከሚስቱ መኝታ ይለያል፤ ሰሞነኛ ሲሆን ደግሞ ሳምንቱን የሚያድረው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። አንዱ ቄስ ሐዘን ሲደርስበት፣ ሌላው ሲታመም፣ ሌላው ለአጨዳ ሲሄድ፣ የደብሩ አለቃ የሚጠሩት አስማማውን ነው። አስማማው ደግሞ እንቢ ማለት አልፈጠረበትም።

የተጋቡት በቁርባን ነው። እሷ ከቀረች ሌላ ላግባ ቢል ክህነቱ ይቀራል፤ ስለዚህ በሠላሳ አንድ ዓመቱ ብቻውን ሊቀር ነው። ይህም ቢሆን የሚቻል ነገር ይመስለው ነበር፣ ባይወዳት።

በስልክ ሲለማመጣት ከርሞ በጥር መጨረሻ ልቧ ራራ። «ሦስት ቀን እሰጥሃለሁ» አለችው። «ሦስቱም የኔ ናቸው። ከዚያ ልቤ ካመነ አብሬህ እገባለሁ።»

መጀመሪያ ባሕር ዳር እንሂድ አላት። ሳቀችበት።

«ሐይቁ ዳር ጎብኚው ጀልባ ሲጠብቅ ይውላል። አገሩ ሁሉ መስቀል ልሳለም ብሎ ሲሰለፍልህ እኔ ሰልፍ አስከባሪ ልሁን? መስቀልህን የሚሳለም ሰው የሌለበት ቦታ ፈልግ።»

እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ያውቃል። ዲማ ቅኔ ሲቆጥር አንድ በጋ ከጓደኞቹ ጋር የወረደበት፣ ወንዙ ሲጎድል የሚገለጥ የአባይ ዳር አሸዋ ነው። ገደሉ ወገብ ላይ ካለው የአክስቱ ቤት እያደሩ፣ ቀን ቀን እዚያ ሊውሉ ተስማሙ።

ሐሙስ ማለዳ ከዲማ ተነሡ። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ስልኩ ጮኸ። እስከዳር ቀድማ ቁልቁለቱን ጀምራለች። የደወሉት አለቃው፣ መምህር እንዳላማው ነበሩ።

«አስማማው፣ ቄስ ጌቱን ወባ ጥሎታል። የእሑዱ ቅዳሴ ሊታጎል ነው። ካንተ ሌላ ማን አለኝ?»

ለቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ግድ ነው። አንድ ከጎደለ ሕዝቡ እንደመጣ ይመለሳል። አስማማው ጠጠሩ እንዳያንሸራትታት እየተጠነቀቀች የምትወርደውን ሚስቱን ቁልቁል አየ።

«እሺ፣ የኔታ» አለ።

ምን እንዳደረገ የገባው ስልኩን ኪሱ ከከተተ በኋላ ነው። ለእሑድ ከዛሬ ጀምሮ መለየት ሊኖርበት ነው። ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ ብሎ ራሱን አጽናንቶ ተከተላት።

ታች ሲደርሱ ሰው የሚባል የለም። ዝንጀሮዎች ውሃቸውን ጠጥተው ወደ ማዶው ገደል እየወጡ ነው። ውሃው ጠርቷል፤ አሸዋው ገና አልጋለም። እስከዳር ጫማዋን አውልቃ ሮጠች። በአምስት ዓመት ትዳር ስትሮጥ አይቷት አያውቅም። ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ዳር ዳሩን ገባች።

«አስሜ! ና እንጂ!»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

«አዞ ፈርተህ ነው? አይዞህ፣ ቄስ አይበላም። ጥምጣሙ ጉሮሮው ላይ ይቀርበታል!»

ሳቀ። እሷም እየሳቀች ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠችና ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ሦስት ወር ሙሉ እግዚአብሔርን የለመነው ይህችን ደቂቃ ነበር። ሰውነቱ ግን ሳያማክረው ፈቀቅ አለ። ከሁለት ጣት አይበልጥም።

እስከዳር ቀና አለች። ያቺን ሁለት ጣት ታውቃታለች።

«የማንን ነው የተቀበልከው?»

«ሳምንት አይደለም… እሑድን ብቻ። ጌቱ ታሞ።»

«መቼ?»

«ቅድም። አፋፉ ላይ።»

«እኔ ገደል ስወርድ።»

«ሊታጎል ነው አሉኝ፣ እስኬ። ምን ልበል?»

«አልችልም ይባላል። ሰው ሁሉ ይለዋል።» እርጥብ እግሯን አሸዋው ውስጥ ቀበረች። «አሁን ስልክ ወደሚሠራበት ብንመለስ፣ አልችልም ትላቸዋለህ?»

አዎ ሊላት አፉን ከፈተ። ነጠላቸውን ተከናንበው ገና ሳይነጋ ቅጽሩን ተደግፈው የሚቆሙት አሮጊቶች ታዩት። ክርስትና ሊነሣ የሚመጣ ሕፃንም አለ። አዎ ቢል ውሸት ነው፤ አይ ለማለትም አንደበቱ እንቢ አለው።

እስከዳር ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም።

«ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር» አለች።

እንነሣ ትላለች ብሎ ጠበቀ፤ አላለችም። አገልግሉን ፈትታ እንጀራውን ቆረሰችና ረጅም መንገድ ለሚሄድ እንግዳ እንደሚደረገው የሚበዛውን ወደ እሱ አዞረችው። እየበሉ ስለ ቤቱ ትነግረው ጀመር። የሽንብራው ዘር ጓዳ፣ በግራ በኩል ካለው ጋን ውስጥ ነው። በርበሬው ሳይሻግት ጎረቤታቸው ማንጠግቦሽ ታስጣው። ክረምት ሳይገባ በጓሮ በኩል ያለው የቤቱ ክዳን ይታይ። ድምፅዋ የረጋ ነበር። ብትሰድበው በወደደ።

እሱ እየሰማት በልቡ ሽማግሌ ይመርጣል። የደብሩ መሪጌታ ዓለምነው ቢሄዱ አባቷ ያፍሯቸዋል፤ ከእሳቸው ጋር ደግሞ…

«ሽማግሌ እንዳትልክብኝ» አለች ድንገት።

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

«ሽማግሎቹ ከአባቴ ደጅ ቆመው ‘ስለ እግዚአብሔር’ ሲሉኝ ያቅተኛል። እገባለሁ። ከገባሁም እንደ አምናው ነን። ቃል ስጠኝ።»

«እስኬ…»

«ቃል ስጠኝ፣ አስሜ።»

ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች። ወንዙ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁሉ አሸዋ ላይ ከሁለቱ በቀር የሚንቀሳቀስ የለም።

ቃሉን ሰጣት። እንደሚጠብቀውም ሁለቱም ያውቁ ነበር።