የግንቦቱ ጉልበት

"እንደሱ አይደለም። እጅሽን ካስቀደምሽ ማንም አያምንሽም" አለ የሻው።

ቃናኒ በክርኗ ተደግፋ ከፍራሹ ላይ ተነሳች። ፍራሹን ከቤት አውጥተው ከቀርከሃው አጥር ሥር ያነጠፉት የነገውን አወዳደቅ ልትለማመድ ነበር። እናቷ ሰንበቴ በመስኮት ታያቸዋለች። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው፤ መርፌው ግን መስመሩን ከሳተ ቆይቷል።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። ቃናኒ ለአሶሳው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለቧ ስትጫወት ዘላ ስታርፍ ግራ ጉልበቷ ዞረ። ክለቡ አልጨከነባትም። አዲስ አበባ ልኮ አስመረመራት፤ ክራንች ገዛላት፤ ደመወዟንም ሳያጓድል ከፈላት። ሰኔ ሠላሳ ውሏ አለቀና ሁሉም ነገር ቆመ። ሐኪሙ ስላዘዘላትና ገና ስላልተደረገላት ቀዶ ሕክምና ስትጠይቅ የቡድን መሪው አቶ አምባው ውሉን አውጥቶ በትሕትና አነበበላት። ክለቡ ወጪውን የሚችለው ውል ያላት ተጫዋች በሥራ ላይ ስትጎዳ ነው፤ ደመወዝም ሕክምናም ከውሉ አያልፍም። አዲስ ውል የሚሰጠው ደግሞ ለጤነኛ ብቻ ነው።

መላውን ያመጣው ምክትል አሠልጣኙ የሻው ነው። ጨዋታ አዋቂ የጎጃም ልጅ ነው፤ ቃናኒን በቁመቷ "የመብራት ምሰሶ" እያለ ነው ያሳደጋት። ለአዲሱ ውል የጤንነት ፈተና ቀን ጉልበቷን በመርፌ አስደንዝዞ፣ ቆማ ቅጣት ምት ብቻ እንድትወረውር አድርጎ አሳለፋት። ፈረመች። አሁን የቀረው በመጀመሪያው ልምምድ ላይ፣ አቶ አምባውና የክለቡ ሐኪም እያዩ መውደቅ ነው። ያኔ ጉዳቱ የአዲሱ ውል ይሆናል፤ ቀዶ ሕክምናውንም የዓመቱን ደመወዝም ክለቡ ይሸከማል።

ችግሩ፣ ያ ጉልበት የውሸት አወዳደቅ አያውቅም። የአዲስ አበባው ሐኪም ሰንበቴ ፊት ነበር የተናገረው፤ ሁለተኛ ከዞረ የምጠግነው ነገር አላገኝም ብሎ።

ሰንበቴ ድሮም ክፉ ክፉውን የምታስብ እናት ናት። ልጅ ከትምህርት ቤት ከዘገየ ለቅሶ ቤት ይታያታል። በየጨዋታው ቃናኒ በተደናቀፈች ቁጥር ስለምትጮህ፣ ተመልካቹ የወደቀችውን ከማየቱ በፊት ወደ እናቷ መዞር ለምዷል። የሻው ይህንንም አልዘነጋም። ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

"እማማ ሰንበቴ፣ ነገ እንዳይቀሩብን።"

"ምን ልሠራ?"

"ሊጮሁልን ነዋ። ይቺ ተዋናይ አይደለችም። እርስዎ ከጮኹ ግን አሶሳ በሙሉ ያምናል።" ብቻውን ሳቀ።

"እውነት ቢዞርስ?"

"ትጠነቀቃለች።"

"ተጠንቅቆ የሚወድቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ፣ አንተ ልጅ?"

የሻው አንገቱን እየደባበሰ ወደ ፍራሹ ተመለሰ።

እራት ላይ ሰንበቴ የስፌት መኪናዋን ልሽጠው አለች። ቃናኒ፣ ከዚያስ ምን እንበላለን ስትል መለሰችላት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መዋጮ እንዲያሰባስቡልን ልለምን ብትልም ልጅቷ በሰው ፊት መለመኛ አልሆንም አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷን በቤታቸው ልማድ እየጠራች፣ "አዮ፣ ሁሌ ክፉውን ነው የምታይልኝ። አንድ ቀን እንኳ ደግ አስቢልኝ" አለቻት። ሰንበቴ እሺ አለች። እንጀራውን ግን ሳትጨርስ ሞሰቡን አነሳች።

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው ተጠርጓል። ሰንበቴ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጠች። አቶ አምባው ከሐኪሙ ጋር ሲገባ አያት፤ መንገዱን ለቆ መጥቶ ባርኔጣውን አነሳላት።

"እንኳን ደስ አለዎት፣ ወይዘሮ ሰንበቴ። ልጃችን ተመለሰችልን። እውነቱን ልንገርዎት፣ ተስፋ ቆርጬ ነበር።"

ሰንበቴ ራሷን ነቀነቀች።

ፊሽካ ተነፋ። ቃናኒ መዳፎቿን በቁምጣዋ ጠረገች፤ ኳሱን ተቀበለች፤ ወደ እናቷ አንዴ አየችና መሮጥ ጀመረች። ጠዋት የተወጋችው ማደንዘዣ ገና አልለቀቃትም። ረጅም እግሮቿ እንደ ድሮው መሬቱን እየጠቀለሉ ሲመጡ ሰንበቴ ለአፍታ ሕመሙ መኖሩን ረሳች። ልጇ ስትሮጥ እንዲህ ቆንጆ እንደነበረች ከግንቦት ወዲህ አላየችም። ወዲያው ደግሞ ይህ የመጨረሻው ሩጫ እንደሆነ ገባት። ጩኸቱ እስከ ከንፈሯ መጣ። ዋጠችው። ተነስታ ነጩን መስመር ተሻገረችና ከቅርጫቱ ሥር ቆመች።

ቃናኒ እንዳትገጫት ኳሱን ጥላ በደህናው እግሯ ቆመች። ልጃገረዶቹ ሳቁ። አንዷ፣ "እማማ ሰንበቴም ፈረሙ እንዴ?" አለች።

"አዮ፣ ውጪ" አለች ቃናኒ በሹክሹክታ። "በማርያም ... ውጪልኝ።"

ሰንበቴ ልጇን ማየት አልቻለችም። ያየችው አቶ አምባውን ነው።

"አቶ አምባው፣ ይሄ ጉልበት የግንቦቱ ነው። አልዳነም። ዛሬ ሊወድቅ የመጣ ነው።"

 የሻው መሬት መሬት ያያል። አቶ አምባው ቀስ ብሎ፣ ይህን ማን እንደመከራት ጠየቀ።

"እኔና እሷ ነን" አለች ሰንበቴ። "ሌላ ሰው የለበትም።"

አቶ አምባው ባርኔጣውን አወለቀ። ከዚያ፣ ያልሰማሁ ልሆን አልችልም፣ ውሉ ይፈርሳል አለ። ድምፁ የሚያዝን ሰው ድምፅ ነበር።

ሰንበቴ ትከሻዋን ለልጇ አቀረበች። ቃናኒ አልያዘችውም። ፊቷን በክንዷ ሸፍና፣ ማንም እንዳያይባት ስትጠነቀቅ የከረመችውን ማነከስ በሁሉም ፊት እያነከሰች ከሜዳው ወጣች። ሰንበቴ ሮጣ ልትደርስባት ትችል ነበር። እርምጃዋን አሳጥራ ከኋላዋ ተከተለቻት።