በእጅ የተላጠ መዳብ

ወንድ ልጅ ጡረታ ሲወጣ ሁለት ነገር ይመጣበታል፤ አንዱ የጉልበት ሕመም፣ ሌላው የሙያ አምሮት። ሾፌሩን ሁለቱም አልማሩትም። አውቶቡሱን ካስረከበ ወዲህ ግቢው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚስቱን እጅ ማየት ሥራው ሆኗል።

እጇን ማየትስ ይገባል። ከፈረሱ ቤቶችና ከተጣሉ ማሽኖች የተለቃቀሙትን የኤሌክትሪክ ኬብሎች ጭኗ ላይ ዘርግታ ትልጣለች። ቢላዋዋን ከጫፉ ታስገባና ላስቲኩን ብቻ ሰንጥቃ ትወርዳለች፤ መዳቡን ጫር እንኳ አታደርገውም። ከዚያ ላስቲኩን ስትገፈው ቀዩ ሽቦ ወለል ብሎ ይወጣል። የሰፈሩ ሰው "ልጣጭ" የሚላት በዚህ ነው። ስሙን ያወጡላት ለማሾፍ ነበር፤ እሷ ግን ወዳው አረፈች።

ማሾፋቸውም ያለ ነገር አይደለም። ሌላው ለቃሚ ሁሉ ኬብሉን ከምሮ እሳት ይለኩስበታል። እሷ ሳምንት ሙሉ የምትልጠውን እነሱ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ያደርሱታል። ነገር ግን የተቃጠለ መዳብ ጠቁሮ ይወጣል፤ መዳቡን የሚገዛው ባለሚዛንም "ሁለተኛ" ብሎ ዋጋውን ይሰብረዋል። በእጅ የተላጠው "አንደኛ" ነው። በዚያ መግዣ ግቢ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይጎድልባት አንደኛ የተባለች እሷ ብቻ ናት። ሾፌሩ በዚህ ደረቱ ይነፋል። ለራሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አፍ አውጥቶ ነግሯት አያውቅም፤ ወንድ አይደል!

ሐሙስ ዕለት ታዲያ ያ የሙያ አምሮት ተነሳበት። ሚስቱ እህቷ ዘንድ ስትውል፣ የተላጠውን መዳብ በሙሉ ሳፋ ውስጥ ገልብጦ አቼቶና ጨው አፈሰሰበት። አሸት አሸት አድርጎ፣ አለቅልቆ ፀሐይ ላይ አሰጣው። መዳቡ እንደ አዲስ ሳንቲም አብለጨለጨ። ደስ ብሎት ጆንያው ውስጥ መለሰና አሰረው፤ ሚዛን ላይ ሲዘረገፍ ትገረም ብሎ ትንፍሽ አላለም።

በማግስቱ ጆንያውን በጋሪ ገፍተው ሄዱ። ባለሚዛኑ ከመጀመሪያ ልጃቸው የማይበልጥ ጎልማሳ ነው። መዳቡን ዘረገፈና አንዱን ሽቦ አንስቶ አገላበጠው። አሸተተው። ፊቱ ተለዋወጠ።

"እትዬ፣ እርስዎም ጀመሩ?"

"ምኑን?"

"አቃጥሎ ማጠቡን ነዋ! ይኸው ይሸታል። ጥላሸቱን በአሲድ አስለቅቀው አንደኛ ብለው ሊሸጡልኝ ነው? ከእርስዎስ አልጠበቅሁም።" ዞር ብሎም ለጸሐፊው ጮኸ፤ "የተቃጠለ! ሁለተኛ!"

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። እጃቸው በጥላሸት የጠቆረው አቃጣዮች ተጠቃቀሱ። "ልጣጭም እንደኛው ናት ለካ!" አለ አንዱ።

እሷ አንዱን ሽቦ አንስታ አሸተተችና ወደ ባሏ ዞረች። ሾፌሩ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። የአንደኛና የሁለተኛ ልዩነት የሳምንት አስቤዛቸው ነው፤ ያ ግን ትዝም አላለው። የሰባት ዓመት ስሟን በአንድ ሳፋ አቼቶ አጥቦ ደፋው!

"እኔ ነኝ!" አለ እያነከሰ ወደ ፊት ወጥቶ። "ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ እሷ አታውቅም። አሲድም አይደለም፣ አቼቶ ነው። እንዲያምርላት ብዬ ነው።"

"አባቴ፣ ባል ለሚስቱ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም" አለ ባለሚዛኑ። "እኔ ግን ስንቴ ተሸወድኩ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።"

"ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ያሉት ወደው አይደለም" አለች ልጣጭ፣ ባሏን ሳታይ። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ባለሚዛኑ ቀረበች። "ስማ ልጄ። የተቃጠለ መዳብ ሲታጠብ የሚጠራው የቱ ነው?"

"ላዩ።"

"በተገመዱት ክሮች መሀል የገባው ጥላሸትስ?"

ባለሚዛኑ ወደ ክምሩ አየ። መልሱን እሱም ያውቀዋል፤ ላዩን ቢፈትጉት፣ ተቃጥሎ የወጣ ሽቦ ሆዱ ጥቁር ነው።

"በል፣ አንተው ምረጥ፣ አንተው ፍታ። መርጣ ሰጠችኝ እንዳትል።"

ሰዉ ከበበ። ባለሚዛኑ ከክምሩ ሥር ወፍራሙን ስቦ አወጣና በፒንሳ ይተረትረው ጀመር። ሾፌሩ አቼቶው እስከ ውስጥ ዘልቆ አበላሽቶት እንዳይሆን ፈርቶ ትንፋሹን ያዘ። ክሮቹ አንድ በአንድ ተፈቱ። ውስጡ ቀይ ነው፤ የጥላሸት ብናኝ የለበትም። እንዲያውም አቼቶ ካገረጣው ከላዩ ይልቅ ሆዱ ያምራል። ባለሚዛኑ ሌላ ሽቦ መረጠ፣ ሌላም ጨመረ። ሁሉም ያው ነው።

"አንደኛ" አለ ቀስ ብሎ ለጸሐፊው። "ይቅርታ፣ እትዬ።"

"አልሰማሁም።"

"አንደኛ አልኩ እኮ።"

"'የተቃጠለ' ስትል እስከ በሩ ድረስ ነበር የተሰማው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ ጮኸህ ያቆሸሽከውን ጮኸህ አጽዳው።"

ባለሚዛኑ ዙሪያውን አየ። የሚሸሽበት የለም። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "አንደኛ! በእጅ የተላጠ! አንደኛ!" አለ፤ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ እንኳ ምን ተፈጠረ ብሎ አንገቱን አሰገገ።

"አሁን መዝን" አለችው።

ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ሁለት ጊዜ የምስጋና ወረቀት ተቀብሏል፤ የዚያን ቀን ያህል ግን ኮርቶ አያውቅም። ዓይኑ እንባ ሞላ። የሚያደርገው ቢጠፋው አጠገቡ የቆመውን ጥላሸታም ሰው ክንድ ያዘና፣ "ሚስቴ እኮ ናት!" አለው።

"እናውቃለን፣ ጋሼ" አለ ሰውየው። "ያጠቡት እርስዎ አይደሉ?"