ሃያ አራቱ የአናጢው ሠራተኞች

አናጢው የመድን ቅጹን ሲሞላ ብዕሩ ላይ ሰይጣን የተቀመጠ ይመስል ነበር። «የሠራተኞች ብዛት» የሚለው ጋ ሲደርስ እውነቱን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ሁለት ጊዜም አላበው። እውነቱ ሁለት ነዋ! እሱና ሚስቱ። ታዲያ እሱ በሠራው ወንበር ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቤቱን ረስቶ ሦስት ቀን የሚከርምለት፣ መጋዙ ሲጮኽ ከወንዝ ማዶ ያሉ ውሾች በአንድ ድምፅ የሚመልሱለት ሰው፣ እንዴት አድርጎ «ሁለት» ይበል? ሃያ አራት ብሎ ጻፈ። የስም ዝርዝር አያይዝ ሲባልም አልደነገጠም። አጎቶቹን ጻፈ፣ አብሮ አደጎቹን ጻፈ፣ አልሞላ ሲለው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸውን አያቱን ጨምሮ ላከ።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። ጎረቤት ያለው መጋዘን በእሳት ከጋየ ወዲህ የሕንጻው ባለቤት እንቅልፍ አጥቷል። «እስከ ዓርብ የመድን ወረቀት ካላመጣህ ክፍሉን ለጎማ ነጋዴው እሰጠዋለሁ» ብሎ ቁርጡን ነግሮታል።

ሐሙስ ጠዋት የመድን ድርጅቱ አማካሪ ደወለች።

«ከሰዓት ለምርመራ እመጣለሁ። የሥራ ቦታ ደህንነት ምክርም ስለምሰጥ ሃያ አራቱም ሠራተኞች ይገኙልኝ።»

«ምን ችግር አለ እህቴ! ቦታ ይጠብባቸው እንደሆነ እንጂ» አላት። ስልኩን ዘግቶ ወደ ሚስቱ ዞረ።

ሚስቱ መጋዙ ላይ ነበረች። ከአራት ዓመት በፊት ማሽኑ የአውራ ጣቱን ጥፍር ከበላበት ወዲህ መጋዙን የምትይዘው እሷ ናት። እሱ ስለ ጣቱ ለጠየቀው ሁሉ ከነብር ጋር ሲታገል እንደሆነ ይናገራል፤ ነብሩም በየዓመቱ ይወፍራል።

«እውነቱን ንገራትና ተገላገል» አለችው።

«እውነት ለዓርብ አይደርስም» ብሎ ወጣ።

ሰባት ሰዓት ላይ ሠፈሩን ጠራርጎ ተመለሰ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሰዓት ጠጋኙና ሌሎችም ተደማምረው አሥራ አንድ ሰው። የቀሩት አሥራ ሦስቱ መስክ ላይ ናቸው ይባላል። ለሁሉም ሽርጥ አሰረላቸው፣ በየጆሯቸው እርሳስ ሰካላቸው፣ በየእጃቸው እንጨት ሰጣቸው።

አማካሪዋ ስትመጣ ከሰው ብዛት የተነሳ በሩን መግፋት አቃታት። ቁመቷ ከአናጢው መዶሻ ብዙም አይበልጥም፤ ዓይኗ ግን ግድግዳ ይበሳል። በመጀመሪያ ያረፈው ልብስ ሰፊው ላይ ነበር።

«የእርስዎ ሥራ ምንድን ነው?»

«ልክ መውሰድ» አለ ልብስ ሰፊው፣ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሜትር እየነካ። «ወንበሩን ቁጭ ብሎም ቆሞም እለካዋለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ መላጊያውን እንደ ምላጭ በሁለት ጣት ይዞ ሳንቃውን «ቀና በል፣ እንዳልቆርጥህ» ይለው ነበር።

አማካሪዋ ሜትሯን አወጣች። ክፍሉን ለካች፤ ስድስት በአራት ሜትር። ቁርጭምጭሚት የሚያሰጥመውን ሰጋቱራ አየች። የቫርኒሽ ቆርቆሮዎቹ ከመጋዙ ሞተር ጎን መደርደራቸውን አየች። የመጋዙን ጥርስ የሚሸፍነው መከለያም የለም።

«መከለያው የት ሄደ?»

«እሱ ለፈሪ የተሠራ ነው እህቴ። ፈትቼ ጣልኩት።»

«ሁለተኛው በርስ?»

«ከቁምሳጥኑ ጀርባ።»

«እሳት ቢነሳ ሰው ያወጣል?»

«ቀጭን ሰው ያወጣል።»

«ይስሙኝ ወንድሜ» አለች። «በዚህ ስፋት ከአምስት ሰው በላይ የሚሠራ ከሆነ መድን አንሰጥም።»

አናጢው ጊዜ አላጠፋም። ወደ ሕዝቡ ዞሮ እጁን አነሳና «ተባርራችኋል!» አለ።

«ማን? እኔ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «በሰው ፊት? ምን አጥፍቼ?»

«እኔ ከገባሁ ጀምሮ ለደቂቃ እንኳ አልተቀመጥኩም!» ሲል ልብስ ሰፊው ጮኸ። «ላባርር ካልክ ይሄንን አባርር፤ እንጨቱን ጎፈሬ ሊያደርገው ነበር!»

«ከዛሬ ወዲያ ጢምህን በመጋዝህ ተላጭ!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ሽርጡን ፈትቶ ወረወረ። ተባራሪዎቹ ሁሉ እያጉረመረሙ ወጡና ደጅ ላይ ቆሙ።

አማካሪዋ የቀሩትን ለማጣራት ዝርዝሩን አውጥታ እያንዳንዱን ስም ትጠራ ጀመር። አናጢው ሁሉንም መስክ ላከ። አያቱ ጋ ደረሰች።

«እኚህስ?»

«እረፍት ላይ ናቸው።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሙታን ሲነሱ» አለች ሚስቱ መጋዙን አጥፍታ።

መጣችና ዝርዝሩን ተቀበለች። ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደች፤ መልሳ ከታች ወደ ላይ ወጣች።

«እኔ የለሁም» አለች።

አናጢው ዝርዝሩን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ሽማግሌውን ከመቃብር ቀስቅሰህ ቀጥረህ፣ ከፊትህ የቆምኩትን ረሳኸኝ? ሃያ አራት ሰው ጽፈህ?»

«አንቺማ... አንቺማ እኔው ነሽ ብዬ ነው።»

«መጋዙን የሚይዙት እርስዎ ነዎት?» ብላ አማካሪዋ ሚስቱን ጠየቀቻት። ከዚያ ወደ አናጢው ዞረች። «እንግዲህ ይወቁት። ነገ ይሄ ማሽን እጇን ቢቆርጣት፣ በዚህ ዝርዝር መሠረት እሷ ሰባራ ሳንቲም አታገኝም። አያትዎ ግን ተመዝግበዋል።»

አናጢው የሚስቱን እጆች አየ። በሰጋቱራ የነጡ አሥር ጣቶች፣ አሥሩም ሙሉ። ከዚያ መከለያ የሌለውን ጥርስ አየ። ከነብር ታገልኩ የሚለው ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሁለት ነን» አለ።

«አልሰማሁም» አለች አማካሪዋ።

«ሁለት! እሷና እኔ! ሌላው ውሸት ነው። ግን እንዲህ ያለ ውሸት በዚህ አገር ከእኔ በቀር የሚዋሽ ካለ ይምጣ!»

አማካሪዋ የድሮውን ቅጽ ለሁለት ቀደደችው። «ለሁለት ሰው የሚሆን የአነስተኛ ድርጅት መድን አለን። እስከ ነገ ጠዋት መከለያው ይገጠም፣ ቫርኒሹ ከሞተሩ ይራቅ፣ ሰጋቱራው ይጠረግ፣ እሳት ማጥፊያ ግድግዳ ላይ ይሰቀል፣ በሩ ይከፈት።»

ቁምሳጥኑ ለሁለት ሰው አልነቃነቅ አለ። አናጢው አንገቱን ደፍቶ ደጅ ወጣ።

«ለምነን» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እባካችሁ።»

«እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ተባራሪ ነው የምንገፋው» አለና እጅጌውን ሰበሰበ።

ዓርብ ጠዋት አማካሪዋ በተከፈተው የኋላ በር ገብታ በፊተኛው ወጣች፤ ተመልሳ ገባችና ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። አዲሱን ቅጽ ዘረጋች። በመጀመሪያው መስመር አናጢው ራሱ የሚስቱን ስም ጻፈ፤ በሥራ ድርሻዋም «የመጋዝ ባለሙያ» አለ።

«የእርስዎስ?» አለችው።

«የድርጅቱ ጠቅላይ...»

«ረዳት በይው» አለች ሚስቱ።

አናጢው ብዕሩን ከቅጹ አነሳ። «እሺ፤ ግን ዋና ረዳት ይባል።»

«ከስንት ረዳቶች?» አለች አማካሪዋ።

«ከአንድ» አለ፣ ከሺህ መካከል እንደተመረጠ ሰው ደረቱን ነፍቶ።