ከፈረስ የሚወረድበት ጉብታ

«ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ በኋላ መልአኩ የት ይሄዳል?»

«የት ይሄዳል! ቤቱ ተቃጠለ ብሎ ዘበኛ ሥራውን ይለቃል እንዴ?»

«የሚጠበቅ ነገር ከሌለ ምን ይሠራል ታዲያ?»

«መሬቱን ይጠብቃላ! መሠዊያ የቆመበትን መሬት። እስከ ምጽአት ንቅንቅ አይልም።»

«ብቻውን?»

ዓለምነህ ይህን የሰማው ከመተማ ወደ ገዳሪፍ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያ ክምር ጀርባ ተቀምጦ ነው። ይህ ከሆነ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጠያቂው ሴት ይሁን ወንድ ዛሬ እርግጠኛ አይደለም። መላሹ ግን የፊት ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ እንደነበሩ ያስታውሳል፤ ሲናገሩ ያፏጩ ነበር። ለመጨረሻው ጥያቄ ምን እንደመለሱ አልሰማም። መኪናው ጉድጓድ ገባ፣ ጆንያው ተንሸራተተ፣ ሰው ጮኸ፣ ወሬውም እዚያው ተበጠሰ። ዞሮ ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር፤ አፈረ። የሰው ጨዋታ መሐል ዘው ማለት አያውቅበትም። መስማት ግን ያውቅበታል፤ የሰማውንም በቶሎ አይጥልም።

ካርቱም ከገባ በኋላ ብዙ ነገር ሠርቶ በመጨረሻ የአንድ የግል ትምህርት ቤት አትክልተኛ ሆነ። ትምህርት ቤቱ በሚያዝያ ሲዘጋ፣ ሙቀቱ ሣሩንም ሰውንም እኩል ሲጠብስ፣ «እስከ ሐምሌ ፈጣሪ ይወቅህ» ተብሎ ይሰናበታል። የሱዳኑ ጦርነት ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በዚያ የሙቀት ወራት፣ ካርቱም ዳር ባለችው ምሥራቅ ሶባ ውስጥ ፈረስ የሚያከራይ አምጀድ የሚባል ሰው መንገድ መሪ ይፈልጋል ሲባል ሰማና ሄደ። አምጀድ በወጣትነቱ የፈረስ ግልቢያ ተወዳዳሪ ነበር። አሁን ቦርጭ አውጥቷል፤ ፈረስ ፊት ሲቆም ግን ቦርጩ ይጠፋል።

«ፈረስ ታውቃለህ?» አለው።

«ከእንጅባራ ነኝ» አለ ዓለምነህ።

አምጀድ እንጅባራ የት እንዳለች አያውቅም፤ ሰውየው ጥያቄው የሰደበው ያህል ኮስተር ብሎ ሲመልስ ግን ገባው። በዚያው ቀን ቀጠረው።

ሥራው ቀላል ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ገና ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ሰባት ስምንት ሰው ፈረስ ላይ አስቀምጦ ከፊት እየመሩ በወንዙ ዳር መሄድ ነው። መንገዱ በሎሚ አትክልቶቹ አጠገብ ያልፍና የጡብ ማቃጠያዎቹን ጥሎ አንድ ዝቅተኛ ጉብታ ይሻገራል፤ ከዚያ በሌላ በኩል ዞሮ ይመለሳል። መሪው ከፊት ሆኖ ፈረሶቹ እንዳይሽቀዳደሙ ይጠብቃል፣ የፈራ ካለ ያጽናናል። ዓለምነህ ማጽናናቱን የሚሠራው ዝም በማለት ነበር፤ ፈረሶቹም ሰዎቹም ይህን ወደዱለት።

ከጉብታው ጋር የተያያዘው ነገር የተጀመረው በመጀመሪያው ቀን ነው። አምጀድ መንገዱን ሊያሳየው አብሮት ወጥቶ ነበር። እሾህና የተሰባበረ ቀይ ጡብ የሞላው መሬት ላይ ሲደርሱ፣ መንግሥት የተከላቸውን የብረት ካስማዎች እያሳየው፣ «እዚህ የድሮ ክርስቲያኖች ኬኒሳ ነበራቸው። ንጉሥም ነበራቸው ይባላል። ከውጭ የመጣ ኸዋጃ ካለህ ይህን ንገረው፣ ይወዳሉ» አለው። ቃሉን ሳይጨርስ ዓለምነህ ፈረሱን ገትቶ ወረደ። ኮፍያውን አወለቀ፣ አማተበ፣ ልጓሙን ይዞ በእግሩ መሄድ ጀመረ።

«ምን ሆንክ? ኮርቻው ላላ?»

«የለም። በእኛ አገር ቤተ ክርስቲያን በፈረስ ተቀምጦ አይታለፍም።»

«የታለ ቤተ ክርስቲያኑ? አንተ ዓለምነህ፣ እዚህ ያለው ጡብና ጊንጥ ነው!»

«ይሁን» አለ ዓለምነህ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ አጥሩ ባይኖርም ባለቤቱ አለ። ይህን ግን በዐረብኛ እንዴት እንደሚለው ስላላወቀ ተወው።

አምጀድ በሆዱ ሳቀና አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ፈረንሳዊት ከኋላ ሆና አየችውና ምን እንደሆነ ጠይቃ እሷም ወረደች። እሷ ስትወርድ ሁሉም ወረደ። ጎህ ሲቀድ ስምንት ሰው ባዶ ራሱን፣ ፈረሱን እየሳበ፣ ዝም ብሎ ፍርስራሽ ሲሻገር አንዱ ፎቶ አነሳ። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ሰው «የዝምታው መንገድ የሚባለው ይሄ ነው?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። የሚቀልዱም ነበሩ፤ «እንዲያማ ከሆነ መስጊድ ባየን ቁጥር ብንወርድ ካርቱምን በፈረስ ማለፍ ቀረ!» ያለ አንድ ሐኪም አለ። እሱም ግን ወረደ። አምጀድ አሁን አይስቅም። እሱ ራሱ ከፊት እየቀደመ «ያላ፣ ሁሉም ይውረድ! ስልክ አውጡ፣ ድምፅ አታሰሙ!» ይላል።

ዓለምነህ ደስ አላለውም። ለብቻው፣ ሳያስበው ያደረገው ነገር የሰው ሁሉ ሆኖ፣ ሰዓት ወጥቶለት፣ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ሲያየው ልብሱን ሌላ ሰው ለብሶበት ያየ ያህል ሆነበት። ቢሆንም መውረዱን አልተወም።

በሰኔ አጋማሽ በአንድ ጁምዓ ኢስራእ መጣች። ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ አባቷ ሱዳናዊ እናቷ ኢትዮጵያዊት የሆነች፣ ኦምዱርማን ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ግራ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጭን ነው፤ በክራንች ትሄዳለች። በረቱ በር ላይ አምጀድ ልጆች ፈረስ ላይ እንዲወጡበት ያሠራው የሲሚንቶ ደረጃ አለ። እሷ ማንንም ሳትጠይቅ ደረጃውን ወጥታ፣ ክራንቿን ከኮርቻው ጋር አስራ፣ አሰል በምትባለዋ ቡላ ባዝራ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። አቀማመጧን ሲያይ ዓለምነህ ስለ እሷ መጨነቁን ተወ። ከሁሉም የተሻለች ጋላቢ እሷ ነበረች።

ጉብታው ላይ ሁሉም ወረደ። ኢስራእ አልወረደችም።

«ያላ፣ ውረጂ» አለ አምጀድ።

«አልወርድም።»

«ሁሉም ይወርዳል፣ ኡኽቲ» አላት፤ እኅቴ ማለቱ ነው።

«ሁሉም ይውረድ። ከለከልኩ?»

ከኋላ ዋኢል የሚባል ወጣት ነጋዴ፣ ጫማው አሸዋ ገብቶበት የተናደደ፣ «ዓጁባ መጣች! ሶባን ያፈረሰችው!» አለ። ሱዳኖች ሶባን ያፈረሰች ዓጁባ የምትባል ሴት ናት እያሉ ይተርታሉ። ሰው ሳቀ።

«ያፈረስኩት እኔ ከሆንኩማ ቦታው የእኔ ነው» አለች ኢስራእ። «በቤቴ እንደፈለግኩ ነኝ።»

አሁን ይበልጥ ሳቁ፤ ዋኢልም ጭምር። አምጀድ ግን አልሳቀም። በረት ሲመለሱ ዓለምነህን ጠርቶ፣ «በሚቀጥለው ጁምዓ ወይ ትወርዳለች ወይ አትመጣም። ሰዉ ለዚህ ነው የሚመጣው። አንዷ ካልወረደች ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ ሁሉም። አንተ ያመጣኸው ነገር ነው፤ አንተው ንገራት» አለው።

ዓለምነህ ይህን ይዞ እስከ እሑድ ቆየ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቱን ቄስ ተድላን አጥሩ ጥግ አገኛቸውና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ይህን ያህል ሲያወራ ሰምተውት አያውቁም። ከጨረሰ በኋላ ቄሱ ጥላቸውን መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከል ተከል አደረጉ።

«ለምን እንዳልወረደች ነገረችህ?»

«አልጠየቅኋትም።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አሉና ወደሚጠብቃቸው የክርስትና ሕፃን ሄዱ።

ሰኞ ሁለት ሀፍላ አውቶቡስ ቀይሮ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ኦምዱርማን ገባ። ፋርማሲው በሰው ተሞልቷል። ኢስራእ ከመደርደሪያው ኋላ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ጋሼ ዓለምነህ! ምነው? አሰል ታመመች እንዴ?»

«ደኅና ናት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው።»

«ጠይቅ።» ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ እያቀበለች፣ «በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ» አለቻት በዐረብኛ።

«ለምንድን ነው ያልወረድሽው?»

ኢስራእ ቀና ብላ አየችው። «አምጀድ ነው የላከህ?»

«ልኮኛል። ጥያቄው ግን የራሴ ነው።»

አማርኛዋ የእናቷ ነው፤ ሲያልቅባት ከዐረብኛ ትበደርበታለች። «ስማ ጋሼ፣ መውረድ አይደለም ሙሽኪላው፣ ችግሩ። መውረድማ ጆንያም ይወርዳል። መውጣቱ ነው። ዓምና ሌላ ቦታ ነበርኩ፣ ወረድኩ። ከዚያ ሦስት ወንዶች አነሱኝ። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ደግሞ ይስቃል። ከላይ ስደርስ ሰው አጨበጨበ።» መሳቢያውን ገፍታ ዘጋች። «ማጨብጨቡ ነው የባሰው። ኸላስ፣ በቃ ማልኩ። እናንተ ጋ ስመጣ ደረጃ አየሁ። ራሴ እወጣለሁ፣ ራሴ እወርዳለሁ። አሁን ሳምንቱን ሙሉ ያቺን አንድ ሰዓት ነው የምጠብቀው።»

«ጉብታው ጋ ደረጃ ቢኖርስ?»

«ማን ይሠራል? አምጀድ?» ብላ ሳቀች። «ቢኖር እወርዳለሁ። ለኬኒሳው ብዬ አይደለም፣ አፉ በለኝ። እናቴ በቀለች ግን ከሰማች ሦስት ቀን እልል ትላለች። የሰፈሯ የማዮ ሰው ሠርግ ያለ ይመስለዋል።»

ማታ ለአምጀድ ሲነግረው አምጀድ ነገሩን ቀላል አደረገው። «ይሄ ነው? ጡብ እዚያው ሞልቶ የለ! ሃያ ሠላሳውን ሰብስበህ ደርድር፣ አለቀ።»

«እሱን አልነካም።»

«ለምን?»

«የቱ የመቅደስ እንደሆነ፣ የቱ የጓዳ እንደሆነ አላውቅም። ካላወቅሁ እግር አላሳርፍበትም። ደግሞም የመንግሥት ነው።»

«ታዲያ ከየት ታመጣለህ? ፈረሶቼ ጡብ አይሸከሙም፣ ካሁኑ ልንገርህ።»

ዓለምነህ የጡብ ማቃጠያው ጋ ሄደ። የእሳቱ ኃላፊ አባስ የሚባል፣ ቅንድቡ በሙቀት ያለቀ ሰው ነው። ሲቃጠል የተሰነጠቀ፣ የማይሸጥ ጡብ በክምር ነበረው። ምክንያቱን ሲሰማ ጡቡንም የአህያ ጋሪውንም ሰጠው፤ «ከእኔ ጡብ ላይ ሰው ፈረስ ሲወጣበት ማየት እፈልጋለሁ» አለ። ዓለምነህ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሁለት ደረጃ ሠራ፤ አንዱ ከጉብታው ወዲህ፣ አንዱ ከጉብታው ወዲያ፣ ሁለቱም ከብረት ካስማዎቹ ውጪ። በጭቃ አያያዘው። ቁመቱን በረት ካለው ደረጃ ጋር በገመድ ለካ። አምጀድ ሐሙስ ዕለት መጥቶ አንዱን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገው።

«ይህ ሁሉ ለአንዲት ሰው?»

«ነገሩን ያመጣሁባት እኔ ነኝ» አለ ዓለምነህ።

ጁምዓ ጎህ ሲቀድ ሰባት ሆነው ወጡ። ጉብታው ሥር ኢስራእ ደረጃውን አየች፣ ዓለምነህን አየች። አሰልን አስጠግታ፣ ክራንቿን ፈትታ፣ በሦስት እርምጃ ወረደች። ማንም አላጨበጨበም። ዓለምነህ አሰልንም የራሱንም ፈረስ ያዘ፤ መንገዱም ተጀመረ።

ከዚህኛው ደረጃ እስከዚያኛው መቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። መሬቱ ግን ሁሉ ጡብ ነው፤ ክራንች ይንሸራተታል። ሰዉ ሃያ እርምጃ ሄደ፣ እሷ ቀረች። ቆመው ዞረው ጠበቋት፤ በደግነት ነው። ስትደርስ ቀጠሉ። እንደገና ቀረች፣ እንደገና ዞረው ቆሙ። በሦስተኛው ኢስራእ ቆመች።

«ኸላስ። ፈረሴን አምጡልኝ፣ እመለሳለሁ።»

ዓለምነህ ፈረሶቹን ይዞ ወደ እሷ ተመለሰ። «ምን ሆንሽ፣ ልጄ?»

«እነሱ እኔ እስክደርስ ያርፋሉ። እኔ ስደርስ ይሄዳሉ። እኔ መቼ ነው የማርፈው?» ላቧን በክንዷ ጠረገች። «ደግሞ ዞረው ያዩኛል።»

ዓለምነህ ይህን አላሰበውም ነበር። ደረጃውን ሲለካ እርምጃውን አልለካም። ሦስት ቀን ሙሉ ቁመት ሲያሰላ ስለዚህ አንድም ጊዜ አልጠየቃትም።

«ምን ይደረግ?» አላት።

ኢስራእ ወደ ፊት አየች። «ከፊት ልሁን። እኔ ስቆም ሁሉም ይቆማል። ጀርባዬን ይዩ፣ ግድ የለኝም።»

አምጀድ ከሩቅ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም! ከፊት ሰቅር ነው።» ሰቅር ዓለምነህ የሚመራበት ድንጉላ ፈረስ ነው። በልጓም ሲሳብም መፍጠን ይወዳል፤ ከፊቱ ያለውን ሰው ተረከዝ እየረገጠ ነው የሚሄደው። «ከኋላዋ ቢሆን ይጥላታል። ወደ ኋላ ብንወስደው ደግሞ ሌሎቹን ይነክሳል። ዓለምነህ እንኳ ወደ ኋላ ሊይዘው አይችልም።»

«እውነቱን ነው» አለ ዓለምነህ። «እኔ አልችለውም።»

«ማነው የሚችለው?» አለች ኢስራእ።

ሰዉ አንድ በአንድ ወደ አምጀድ ዞረ። ዋኢል ጫማውን አውልቆ አሸዋውን እያራገፈ፣ «ካፒቴን፣ ድሮ እብድ ፈረስ ትይዝ ነበር ይሉሃል። ወሬ ነው እንዴ?» አለው።

«ወሬ አይደለም።»

«እንግዲያስ?»

አምጀድ ነጭ ጀለቢያውን አየ፣ ከኋላ የሚነሳውን አቧራ አየ። ፀሐይ ከሎሚዎቹ በላይ ወጥታለች፤ ሙቀቱ ጀምሯል። ኢስራእ ክራንቿን ተደግፋ፣ እያረፈች፣ ጠበቀችው። ዓለምነህም ጠበቀ።

«አምጣው» አለ አምጀድ በመጨረሻ፣ እጁን ለልጓሙ ዘርግቶ። «እሷ ከፊት ትሁን፤ እናንተ ሃያ እርምጃ ያህል ራቁኝ። እስክትሻገሩ ከኋላ እኔ እይዘዋለሁ።»