የቅርብ ተጠሪ

መሐንዲሱ መበየጃውን ጥሎ እስኪከፍት በሩ ሊገነጠል ደርሶ ነበር። ደጃፉ ላይ ቃሬዛ የተሸከመ ሰውዬና ቦርሳ ያንጠለጠለች ነርስ ቆመዋል።

"በሽተኛው የት አለ?" አለች ነርሷ እያለከለከች። አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታለች።

"በሽተኛ እንኳ የለም... እኔ ነኝ መሰለኝ" አለና ደረቱን ዳሰሰ። ደረቱ ላይ የታጠቀው ቀበቶ ላልቶ ሆዱ ላይ ወርዷል።

ቀበቶው የእጁ ሥራ ነው። የልብ ምት እየቆጠረ ለአምቡላንስ ማዕከል ይልካል። ምቱ ሲጠፋ ማዕከሉ መጀመሪያ ለበሽተኛው የቅርብ ተጠሪ ይደውላል፤ ተጠሪው ካላነሳ መኪና ይነሳል። ደንቡን ያወጣው ራሱ ነው። ነገ አርባ የልብ ሕሙማን ሊታጠቁት ስለሆነ እሁዱን በራሱ ደረት ላይ እየሞከረው ነበር።

"ለተጠሪዎ ሦስቴ ደወልን፤ አያነሳም" አለች ነርሷ ወረቀቷን እየዘረጋች። "እስቲ ቁጥሩን ይዩት።"

አየው። የራሱ ቁጥር ነው። ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ መኝታ ቤት ተቀምጧል።

"ወንድሜ፣ ሞተው ቢሆን ኖሮስ ስልኩን ማን ሊያነሳልን ነበር?" አለች ነርሷ።

ባለቃሬዛው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀና ይቅርታ ጠይቆ ሸኛቸው። ደረጃውን ሲወርዱ ነርሷ "ሰው የለውም እንዴ?" ስትል ሰማት።

ተመልሶ ተቀመጠ። አርባዎቹ ሕሙማን ከሞሏቸው ቅጾች ሰባቱ ላይ የበሽተኛውና የተጠሪው ቁጥር አንድ ነበር። አርብ ዕለት በቀይ "ስህተት" ብሎባቸው፣ ቅጽ መሙላት እንኳ ያቅታቸዋል ብሎ ተሳልቆባቸዋል። ለካ ሌላ ሰው ስለሌላቸው አውቀው ነው የጻፉት። እሱም ለሙከራ ነው እያለ ራሱን ሲሸነግል ቆየ እንጂ የሚጽፈው ሌላ ቁጥር አላገኘም።

የታላቅ እህቱ ቁጥር ግን ነበረው። እናታቸው ከተቀበሩ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለላትም። መጀመሪያ ሥራ በዛበት፣ ኋላ ደግሞ አፈረ።

ስልኩን አምጥቶ ደወለ።

"ማን ሞተ?" አለች ገና ስታነሳ።

"ኧረ ማንም! አንቺን ተጠሪ አድርጌ ላስመዘግብ ብዬ ነው። ድንገት ብወድቅ እንዲደውሉልሽ።"

ከወዲያ ይሰማ የነበረው የሳህን ኳኳታ ቆመ።

"አስመዝግበኝ" አለች። "ግን አንተ ልጅ፣ ሳትወድቅስ አይደወልም?"

"ይደወላል፣ እትዬ" አላት። እሷም አልዘጋችበትም፤ የሁለት ዓመቱን ወሬ ታወራው ጀመር።

ሲጨርሱ ቁጥሯን በስሙ ትይዩ ጻፈ። ከዚያ ሰባቱን ቅጾች ሳበና "ስህተት" የሚለውን እየሰረዘ በተጠሪ ቦታ የራሱን ስልክ አሰፈረ። ነገ ይጠይቃቸዋል፤ ካልፈለጉት ያወጡታል።

የስልኩንም ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተው።